ቅሬያችሁ ለሬሳ ብቻ ነውን?

እናንተ የወሎ ሰዎች፣ ከኮምቦልቻ እስከ ወልዲያ ያላችሁ፣ ዛሬ የምናገረው ቢጎመዝዛችሁም ስሙኝ። ሰው ሲሞት እናንተን የሚያህል የለም። ጥሩምባ ከተነፋ ሱቅ ይዘጋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ሸሁና ቄሱ ጎን ለጎን ይቆማሉ። ቅሬ፣ ያው የቀብር ዕድራችሁ፣ ያልደረሰበት ቀብር ነውር ነው። ያው ሰው በሕይወት ሳለ መጦሪያ ቤት ግድግዳ ተደግፎ ሲውል ግን የት ናችሁ?

«ጧሪ ቀባሪ የሌላቸው ናቸው» ትላላችሁ። ለአንዳንዱ እውነት ነው፤ በ1966ቱና በ1977ቱ ረሃብ ቤተሰቡን የቀበረ ሰው በዚህ ምድር ጥቂት አይደለም። የሌላው ልጅ ግን ጅዳ ወይም ቤይሩት ናት፤ የወንድሙ ልጅ ደግሞ እዚያው ከተማ ይነግዳል። በሰው ቤት ተቀጥራ ብር የምትልከውን አልወቅስም። የምወቅሰው አጠገብ ሆኖ የማይደርሰውን ነው። ወላጅን መጦር በቤተሰብ ሕጋችንም የተጻፈ ግዴታ ነው፤ ፍርድ ቤት ግን ቀለብ ያስቆርጣል እንጂ መጥቶ ቡና አይጠጣም።

እርግጥ ለበዓል ትመጣላችሁ፤ ባነር ወጥራችሁ፣ በግ ጎትታችሁ። ሽማግሌው የተሰጠውን ሳሙና ታቅፎ ፎቶ እስኪነሳ ፀሐይ ላይ ይቆማል። ከዚያ መኪናው ይነሳል፤ ስሙን የጠየቀ የለም። አንዲት እናት እንግዳ በገባ ቁጥር «የማን ልጅ ነህ?» ይላሉ። ኩታበር ነው ተሁለደሬ፣ አያትህስ ማን ይባላሉ፣ እያሉ ዘር ይቆጥራሉ። እንግዳው ሰዓቱን ሲያይ እጁን ጠበቅ አድርገው ይይዙና አዲስ ጥያቄ ይፈልጋሉ። እኒህ እናት ሳሙና አልቸገራቸውም።

«ይበላሉ፣ ይታከማሉ» ብላችሁም አትጽናኑ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2025 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ባወጣው ሪፖርት፣ ብቸኝነት በዓመት ወደ 871 ሺህ ከሚጠጋ ሞት ጋር ይያያዛል። ልብን ይጎዳል፣ ለስትሮክ ያጋልጣል፣ አእምሮንም ያደክማል።

መስከረም 21 ግሸን ማርያምን ለመሳለም ያን ሁሉ ዳገት ትወጣላችሁ። የተባበሩት መንግሥታት በ1990 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የወሰነው የዓለም አረጋውያን ቀን፣ ኦክቶበር 1፣ በአብዛኛው ዓመት የሚውለው በዚያው ዕለት ነው። አምባሰልን የወጣ ጉልበት ሰፈሩ ውስጥ ያለች መጦሪያ ቤት ለመድረስ የሚዝለው ምን ነክቶት ነው? ለጁምዓ የምትሰበሰቡትም ከዚህ ተግሳጽ አታመልጡም፤ ከመስጊድ ስትወጡ በዚያ በኩል እለፉ።

የቅሬ መሪዎች፣ ሥራው የእናንተ ነው። ለቀብር ተራ እንደምታወጡ ለጥየቃም ተራ አውጡ። ተረኛው ረከቦቱን ይዞ ይሂድ፤ ቡናው ከአቦል እስከ በረካ እዚያው ይፈላ፤ ዱዓውንና ምርቃቱን እነርሱ ያድርጉ። ደግሞ ለመስጠት ብቻ አትሂዱ። የድንበር ክርክር ያለበት፣ ትዳሩ የታወከበት ሄዶ ያማክራቸው። ዕድሜ ልካቸውን ሲያስታርቁ የኖሩ ሰዎች ዛሬ ምክራቸውን የሚሻ አጥተው ነው ዝም ያሉት። መዋጮ አቋረጡ ብላችሁ ስማቸውን ከመዝገብ የሰረዛችሁ ካላችሁም በሚቀጥለው ስብሰባ መልሳችሁ ጻፉት።