ባለ 12 ሜትር ፌሮ አለ?

ደሴ ላይ ቤት ልሰራ ነው ስል ሰው ሁሉ የጠየቀኝ ስለ ብሩ ነው። "ከየት አመጣኸው"፣ "እቁብ ወጣልህ እንዴ"፣ "ሚስትህ ናት እንጂ አንተማ" ምናምን። አንድ ሰው እንኳን "ቋንቋውንስ ትችለዋለህ?" አላለኝም። እኔም አማርኛ ስለምናገር የሚበቃ መስሎኝ ዘው ብዬ ገባሁበት።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ፎርማኑ ደወለ። "ጋሼ፣ የግሬድ ቢሙን ካሳፎርማ ልንመታ ነው፣ ሞራሌ አንሶናል፣ ስታፋውን ደሞ በ15 እንሰረው ወይስ በ20? ፌራዮው ቆሞ እየጠበቀ ነው።" ከዚህ ሁሉ ውስጥ የገባችኝ "ጋሼ" የምትለዋ ብቻ ናት። ግን ሚስቴ አጠገቤ ሻይ እየቀዳች ጆሮዋን አቁማለች፣ ስለዚህ ጉሮሮዬን ጠራርጌ "እሱን እንዳያችሁት አርጉት፣ ዋናው ጥራቱ ነው" አልኩት። "እንዳያችሁት አርጉት" ማለት በግንባታ ቋንቋ "ኪሴ ክፍት ነው ግቡ" ማለት እንደሆነ ማን ይንገረኝ። ስታፋ ማለት እኮ ኮለንና ቢም ውስጥ በቁመት የሚሄዱትን ፌሮዎች፣ የብረት ዘንጎቹን፣ ዙሪያቸውን ጠፍሮ የሚይዘው ባለ አራት ማዕዘን ቀለበት ነው፣ በ15 እና በ20 የሚባለው ደሞ በስንት ሴንቲ ይራራቅ ነው፣ ሁሉም ፕላኑ ላይ ተጽፎ ነበር። እኔ ፕላኑ ላይ ያየሁት ሳሎኑ ስንት በስንት እንደሆነ ብቻ ነው።

በነጋታው ፌሮ ግዛ ተብዬ ፒያሳ አንድ ህንፃ መሳሪያ ቤት ገባሁ።

"ፌሮ አለ?"

"አለ ጋሼ፣ ባለስንት?"

አሁን እዚህ ጋ ነው ሰው የሚወድቀው። ባለስንት ሲለኝ ቤቱ ትልቅ ነው ብዬ አሰብኩና ኮስተር ብዬ "ባለ 12 ሜትር" አልኩት። ልጁና ረዳቱ ተያዩ። "ጋሼ፣ ፌሮ ሁሉ እኮ 12 ሜትር ነው። እኔ ያልኩዎት ውፍረቱን ነው።" "አዎ እሱማ... ወፈር ያለውን።" ኪሴ ውስጥ ፎርማኑ የጻፈልኝ ወረቀት አለ፣ መሃሏ የተሰረዘች ዜሮ ትልና ከጎኗ 8 ይላል። ዜሮዋን ተሳስቶ ጽፎ የሰረዛት መስሎኛል፣ የውፍረት ምልክት መሆኗን ማን አውቆ። 8 ደሞ ቀጭን ሆና ስለታየችኝ፣ አንዴ 12 ካልኩም ቃሌን ላለማጠፍ፣ ባለ 12 አስጫንኩ። ባለ 8 ሚሊ አንዱ ቤርጋ፣ አንዱ ዘንግ ማለት ነው፣ 5 ኪሎ አይሞላም፣ ባለ 12ቱ 10 ኪሎ ተኩል ያልፋል፣ እንግዲህ የከፈልኩትን አስሉት። ፌራዮው፣ ፌሮ የሚያስረው ሰውዬ፣ ሲያየው "ይሄንን ነው ስታፋ አርጌ የማጥፈው?" ብሎ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ያ ዝምታ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

የሲሚንቶው ግን ከዚህም ይብሳል። ከረጢቱ ላይ ትልቅ አርጎ 42.5 ይላል፣ ሻጩ ደሞ 50 ኪሎ ነው ብሎ ነው የሸጠልኝ። እኔ ሂሳብ ላይ ደህና ነኝ። ሰው በተሰበሰበበት "7 ኪሎ ተኩሌ የታለች?" አልኩ። አንድ አባት ምርኩዛቸውን መሬት መትተው "እውነቱን ነው! ኧረ በአላህ፣ ድሃ እንዲህ ይበላል?" አሉ፣ ሌላው "ጻፈውኮ፣ እራሱ ላይ ጽፎታል" አለ፣ ሌላዋ ሴትዮ ባለፈው ወር የገዛችው እንደጎደለባት አሁን ገና ገባት፣ ሁላችንም ተባብረን ይመዘን አልን። ተመዘነ። 50 ኪሎ። "ታዲያ ቁጥሩ የምንድነው?" ቢባል ከዛ ሁሉ ቤት ሰሪ አንድ የሚያውቅ ጠፋ። ለካስ ሲሚንቶው በላብራቶሪ ተሞክሮ በ28 ቀኑ ቢያንስ 42.5 ሜጋፓስካል ጭነት ይችላል ማለት ነው፣ 32.5 የሚለውም እንደዛው በራሱ ልክ። አባታችን ወደኔ ዞር ብለው "አብሽር ልጄ፣ መጠየቅ ነውር የለውም" አሉና ምርኩዛቸውን ይዘው ሄዱ፣ ያስጮሁኝ እሳቸው እንዳልነበሩ።

ጎረቤቴ ደሞ ልጁ አሜሪካ ፖርትላንድ ነው ያለው። ከረጢቱ ላይ "ፖርትላንድ ሲሚንቶ" የሚለውን አንብቦ ይሄ የልጄ ከተማ ምርት ነው ብሎ ቡና ላይ ሁሉ ማውራት ጀመረ። ከረጢቱ የሀገር ውስጥ ፋብሪካ ነው ብንለው "ፈቃዱን ከዛ ገዝተው ነው" አለ። ነገሩ ግን ከአሜሪካ ጋር አይገናኝም፣ ጆሴፍ አስፕዲን የሚባል የእንግሊዝ ግንበኛ በፈረንጆቹ 1824 ፈጠራውን ሲያስመዘግብ፣ የጠነከረው ነገር ፖርትላንድ ከሚባል የሀገሩ ደሴት የሚወጣውን ድንጋይ ስለመሰለው ነው ስሙን ያወጣለት። ይሄን ለጎረቤቴ አልነገርኩትም። ልጁ ቆርቆሮ ልልክ ነው ብሎታል፣ ለምን አስከፋዋለሁ።

ቆይቼ ሳስበው ይሄ ቋንቋ ያልገባኝ አማርኛ ስላልሆነ ነው። ፌሮ፣ ስታፋ፣ ሶሌታ፣ ፑንቴሎ፣ ካሳፎርማ፣ ሁሉም ጣልያን ነው። ጣልያን ደሴን የያዘው ሚያዝያ 1928፣ የለቀቀው ሚያዝያ 1933፣ ሰውየው ሄደ ሶሌታው ቀረ። ሳይት ላይ ንጹህ አማርኛ የምሰማው ፌራዮውና አናጢው ሲሰዳደቡ ብቻ ነው። አርማታ የምንለው እራሱ "የታጠቀ" ከሚል የጣልያን ቃል ነው፣ ትጥቁ ፌሮው መሆኑ ነው። ኮንክሪት ብቻውን ከላይ ሲጫኑት ጀግና ነው፣ ሲለጥጡት ግን አቅሙ አንድ አስረኛ ገደማ ነው የሚሆነው፣ እንደኛ ሰፈር ጎረምሳ። ስለዚህ የሚለጠጥበት ቦታ ፌሮ ይገባለታል። ሶሌታ፣ ያ የፎቁ የኮንክሪት ወለል፣ መሃሉ ሲረግብ የሚለጠጠው ሆዱ ስለሆነ ፌሮውም ሆዱ ጋ ነው የሚተኛው፣ ግን ካሳፎርማውን፣ ኮንክሪቱ የሚሞላበትን ጣውላ፣ እንዳይነካና በኋላ እንዳይዝግ ከስሩ ትንንሽ የሲሚንቶ ኩቦች ይደረግለታል። እነዛን ኩቦች ቆሻሻ መስለውኝ ግማሾቹን ለቅሜ የጣልኩት እኔ ነኝ። ለማገዝ ብዬ እኮ ነው።

የሶሌታው ቀን ደረሰ። ቤቴ ያለው ጦሳ እግር ስር ነው፣ ያው የደሴ ቦታ ነው፣ ከላይ ስታዩት አንድ ፎቅ ከታች ስታዩት ሁለት፣ ብሩን ግማሹን የበላው ከመሬት በታች ያለው ነው። ሚክሰር ተከራይቻለሁ፣ በግ ታርዷል፣ ዱዓ ተደርጓል፣ ጎረቤት ሁሉ እጁን ወደኋላ አጣምሮ ሊቆጣጠር መጥቷል። ፎርማኑ ጠዋት "ጋሼ ሳጥን የለንም፣ ሳጥን ያስፈልገናል" አለኝ። በዚህች እንኳን አላፍርም አልኩ፣ ሳጥን የሚገባኝ ቃል ነው። ቤት ደውዬ የሚስቴን የሰርግ ሳጥን፣ እናቷ የሰጧትን፣ አበባ የተሳለበትን፣ ልብሱን አራግፈው ለሁለት ተሸክመው አመጡት።

ፎርማኑ ሳጥኑን አየ። እኔን አየ። "ጋሼ፣ ይሄ..." አለና ፊቱን አዙሮ ሳል የመሰለ ነገር አሳለ። ለካ ሳጥን የሚሉት አሸዋና ጠጠር የሚሰፈርበትን፣ 50 በ40 በ18 ሴንቲ ገደማ የሆነ የጣውላ መስፈሪያ ነው፣ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ የሚሆን ይይዛል፣ ስለዚህ ለአንድ ከረጢት ሁለት ሳጥን አሸዋ፣ ሶስት ሳጥን ጠጠር ሲባል አንድ ለሁለት ለሶስት ነው። በሚስቴ ሳጥን ቢሰፈር ኖሮ ሶሌታው ሳይሆን ኮረኮንች መንገድ ነበር የሚወጣው። ሚስቴ እስከዛሬ እንግዳ ሲመጣ ታወራዋለች፣ ስታወራው ድምፄን ሁሉ ትቀዳዋለች።

እዚህ ጋ እታለምን ላስተዋውቃችሁ። እታለም ከሳይታችን በር ላይ ሸራ ዘርግታ ቡናና አምባሻ የምትሸጥ ሴት ናት፣ ፎርማኑ ሳይት ሲቀይር እሷም ጀበናዋን ይዛ ትከተለዋለች፣ ስንት አመት እንደሆናት ቁጥሩን ትታዋለች። ሚክሰሩ መዞር ሲጀምር ልጆቹ ባሬላውን እየተሸከሙ ሲያልባቸው አሳዘኑኝ፣ "ደርቋል እኮ፣ ትንሽ ውሃ ጨምሩላቸው ይለስልስ" ብዬ አዘዝኩ። ልጆቹ ደስ አላቸው፣ አንዱ "ጋሼ ይኑሩልን" አለ። ጎረቤቶቼም "ልክ ነው ቀጠን ሲል ጥሩ ነው፣ ይገባል ሁሉም ጋ" አሉ። ከሸራው ስር ግን እታለም ጮኸች።

"ወንድምዓለም! ያን ውሃ ማን ጨምር አለህ?"

"ምን ሆነ እታለም፣ ለጉልበታቸው ብዬ ነው።"

"ና እስቲ።" ሄድኩ። ጀበናዋን አነሳች። "አቦል ስቀዳልህ እንዴት ነው?" "ወፍራም።" "በዛው ቡና ላይ ውሃ ጨምሬ ሳፈላው?" "ቶና።" "ሶስተኛ ስጨምርበት?" "በረካ።" "በረካ ቤት ያቆማል?" አለችኝ። "ፕላንህ ላይ ሲ 25 ይላል፣ አቦል ነው እሱ። ውሃ በጨመርክ ቁጥር ሲሚንቶው እየሳሳ ነው የሚሄድልህ። ሁሉም ጋ እንዲገባ ከፈለክ እያንቀጠቀጠ የሚያስገባ ቫይብሬተር አለልህ፣ ተከራይተኸዋል፣ ምን ሊሰራ ተኝቷል?" እውነትም ቫይብሬተሩ ጥግ ላይ ተኝቶ ነበር፣ እኔ የውሃ መሳቢያ ፓምፕ ነበር የመሰለኝ።

ሲ 25 የምትለው 25 ደሞ እንደ ሲሚንቶው ናት፣ 15 ሴንቲ በ15 ሴንቲ የሆነ የኮንክሪት ኩብ በ28 ቀኑ ሲጨመቅ መቻል ያለበት ነው። ይሄን ሁሉ የነገረችኝ ስኒ እያጠበች ነው።

ሶሌታው ተሞልቶ ካደረ በኋላ በማግስቱ ውሃ ሊያጠጡት ሲወጡ ከለከልኩ። ገና ሳይደርቅ ውሃ ይደፋበታል እንዴ፣ ጥቅምት ነው፣ የደሴ ብርድ፣ ትንሽ ፀሐይ ይምታው ብዬ። እታለም አሁን አልጮኸችም፣ ደከማት መሰለኝ። "አይደርቅም እኮ እሱ" አለችኝ ቀስ ብላ። "ሲሚንቶ ውሃ እየጠጣ ነው የሚጠነክረው፣ ጭቃ አይደለም። አራስ ነው በለው፣ ቢያንስ ሰባት ቀን አጠጣው፣ 28 እስኪሞላው ሸክም አታብዛበት። አራስ ፀሐይ ላይ ትሰጣለህ?"

ስለዚህ ጥዋት ማታ ማጠጣት ጀመርኩ፣ ደስም አለኝ፣ ጆንያ አለበስኩት፣ ሚስቴ "ለልጆቻችን እንዲህ አላረክም" እስክትል ድረስ። በ10ኛው ቀን ግን የሚስቴ ወንድም ከኮምቦልቻ ደወለ። ፑንቴሎዎቹ የሱ ናቸው፣ ሶሌታውን ከስር ደግፈው የቆሙት እንጨቶች። "እኛ ጋ ቶሎ ነው የምናነሳው፣ ለነገ መኪና ልኬያለሁ" ይላል። የኮምቦልቻ ሰው ሁሌ እንደዚህ ነው፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁል ስለወረደ ጊዜ የሚቀድም ይመስለዋል። አሁን ግን የምመልሰው ነበረኝ፤ "አንተ ጋ ከኛ ይሞቃል፣ በሙቀት ቶሎ ይይዝልሃል፣ ውሃውም ቶሎ ይተናል፣ አጠጣ። እኛ ደጋ ነን፣ ብርድ ላይ ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው፣ 28 ሳይሞላ አንዲት ፑንቴሎ አትነካም" አልኩት። ስልኩ ውስጥ ዝም አለ። "አንተ ነህ?" አለኝ።

እኔ ነኝ። ከዛ ቀን ጀምሮ ሰፈር ውስጥ ኢንጂነር ሆኛለሁ። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ስቀመጥ አጠገቤ ያለው ሰው ሟቹን ትቶ ስለ ስታፋ ይጠይቀኛል፣ እኔም "በስንት ሴንቲ ነው ያሰርከው?" ብዬ ራሴን እነቀንቃለሁ። ሽማግሌ ሆኜ ሴት ልንጠይቅ የሄድን ጊዜ እንኳ የልጅቷ አባት ስለ ልጁ ጠባይ አንድ ቃል ሳይጠይቁ "ቤቱ የት ደረሰ፣ ልስን ነው ፊኒሺንግ?" ብለው እኔን አዩኝ።

ትላንት ቡና እየጠጣሁ ሁለት ጀማሪ ቤት ሰሪዎችን ስለ 42.5 ሳስረዳ ስልኬ ጮኸ። ፎርማኑ ነው። "ጋሼ፣ ዞኮሎውን በስንት እናርገው?"

"ዞኮሎ... እሱን..." አልኩ። ሁለቱም አፌን አፌን ያያሉ።

"ቆይ አንዴ ኔትወርክ አይሰማም" ብዬ ተነስቼ ሸራው ስር ገባሁና ስልኩን ለእታለም ሰጠኋት። ስኒውን አስቀምጣ ተቀበለችኝ። "የወለሉ ሴራሚክ ግድግዳው ላይ ከፍ የሚለው ነው ወንድምዓለም" አለችኝ በሹክሹክታ፣ ከዛ ወደ ስልኩ ዞራ "በ10 አርገው" አለችው።