ሸክላው እዚህ፣ ዘፈኑ እዚያ

ሥራ የማልገባበት ቅዳሜ ከሲልቨር ስፕሪንግ በባቡር ወደ ዋሽንግተን እወርዳለሁ። አንድ ምድር ቤት ውስጥ ያለ የሙዚቃ ሸክላ መሸጫ አለ። ባለፈው ክረምት እዚያ ገብቼ «አፍሪካ» የሚል ወረቀት የተለጠፈበትን ሳጥን ሳገላብጥ፣ ከጋናና ከናይጄሪያ ሸክላዎች መሀል የአማርኛ ጽሑፍ ብቅ አለ። ትንሿ፣ በደቂቃ 45 ጊዜ የምትዞረው ባለ 45 ናት። የራሷ ሽፋን የላትም፤ በነጭ ወረቀት ብቻ ተጠቅልላለች። መሀሏ ላይ ወይን ጠጅ ማኅተም ተመትቶባታል። ከማኅተሙ የሚነበበው «ቡና ቤት» እና «ደሴ» የሚለው ብቻ ነው። የባለቤቱ ስም ስንት ጣት እንዳሸው እንጃ፣ ጠፍቷል።

ዋጋዋ 140 ዶላር ነበር። ሻጩ ወጣት አሜሪካዊ ነው። ሸክላዋ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደወጣች፣ የት አገር እንደታተመች፣ መለያ ቁጥሯን ሳይቀር በቃሉ ያውቃል። ሁለተኛው ጎን አንድ ቦታ ላይ መርፌው ስለሚዘል ዋጋዋን ቀንሼልሃለሁ አለኝ። ከዚያ እዚያው አጫወተልኝ። ዐይኑን ጨፍኖ ነው የሚሰማው። ሲያበቃ «ምን እያለ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

መተርጎም ጀመርኩ። ዘፋኙ የሄደች ሴትን እየጠራ ነው የሚያለቅሰው አልኩት። አንድ ቦታ ላይ «ጨው» የሚል ቃል አለ። «ኑሮዬ ጨው አጣ ማለቱ ነው፣ ጣዕም አጣሁ ነው የሚለው» አልኩት። ልጁ በጣም ደስ አለው፤ ወረቀት አውጥቶ ጻፈው። እኔ ግን እየተናገርኩ እርግጠኛ አልነበርኩም። ቀጥሎ ያለው ስንኝ ነው መርፌው የሚዘለው።

ገዛኋት።

ሸክላ መሰብሰብ እዚህ አገር የጥቂት ሰዎች አመል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ ከሸክላ ሽያጭ የተገኘው ገቢ ከ1980ዎቹ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሲዲውን በለጠ። ሙዚቃውን በስልኩ በነፃ ማግኘት የሚችል የሃያ ዓመት ልጅ ሠላሳና አርባ ዶላር ከፍሎ ሸክላ ይገዛል። እኔ አይገርመኝም። ስልክ ላይ ዘፈን ሳይጀመር ነው የሚታለፈው። ሸክላ ግን ተነስ ይልሃል። ታወጣዋለህ፣ አቧራውን ትጠርጋለህ፣ መርፌውን ቀስ አድርገህ ታሳርፋለህ። ከሦስት ከአራት ደቂቃ በኋላ ባለ 45ቱ ያልቃል፤ እንደገና ትነሳለህ። ለአንድ ዘፈን ይህን ያህል የደከመ ሰው ሳያዳምጠው አያልፍም።

እዚህ ያለው አያያዝ ደግሞ ያስቀናል። ሸክላ በቁሙ ይደረደራል እንጂ አይነባበርም። ከፀሐይና ከማሞቂያ ይርቃል፤ ሙቀት ካገኘው እንደ ቂጣ ይንሻፈፋል። በተጣራ ውሃና በለስላሳ ብሩሽ ይታጠባል። የመርፌው ጫና በሚዛን ይለካል፤ ሁለት ግራም አካባቢ ከሆነ በቂ ነው። ሰፈራችን በነበረው ራዲዮግራም ላይ፣ ሸክላው እንዳይዘል ተብሎ፣ መርፌው የተሰካበት ራስ ላይ ሃምሳ ሳንቲም ይለጠፍ ነበር። መዝለሉ ይቀራል፤ ሸክላው ግን ከዕለት ወደ ዕለት ይታረሳል። ዛሬ እጃችን የሚገቡት የአማርኛ ሸክላዎች አብዛኞቹ እንደ ዝናብ የሚንጫጩት ለዚህ ነው። በሳንቲም ታርሰዋል፤ ቡና ቤት ውስጥ ቢራ ፈስሶባቸዋል፤ ሌሊቱን ሙሉ ተጫውተዋል። ሻጮቹ እንዲህ ያለውን በዝቅተኛ ደረጃ ነው የሚመዘግቡት። እኔ ግን ጭረቱን ስሰማ ሰው የሰማሁ ያህል ነው የሚሰማኝ።

«ሸክላ» የሚለውን ስማችንንም እወደዋለሁ። የጥንቶቹ ከወደቁ እንደ እንስራ ገል ይሆኑ ነበር። በኋላ የማይሰበር ፕላስቲክ ቢመጣም ስሙ አልተለወጠም።

ደግሞ ሸክላችን ከመጀመሪያውም ውጭ አገር የተወለደ ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ የዛሬ መቶ ምናምን ዓመት ጀርመን አገር ሄደው ነው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹት። እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩም የመጀመሪያ የፒያኖ ሸክላቸውን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያሳተሙት ጀርመን ነው። ከዚያ አምሐ እሸቴ መጣ። ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። አምሐ ገና በሃያዎቹ ውስጥ ያለ ወጣት ሳለ፣ የመጣው ይምጣ ብሎ እ.ኤ.አ. በ1969 በራሱ ስም ማሳተም ጀመረ። ሙዚቃው አዲስ አበባ ይቀረጻል፤ ክሩ ወደ ህንድ፣ በኋላ ደግሞ ወደ ሊባኖስ ይላካል፤ ሸክላ ሆኖ ይመለሳል። በስድስት ዓመት ውስጥ 103 ነጠላ ሸክላዎችና አንድ ደርዘን ያህል አልበሞች አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1975 ከአገር ወጥቶ እዚሁ ዋሽንግተን ከተመ። አዲስ አበባ ውስጥ ከቀሩት አሳታሚዎች አሊ ታንጎ በከይፋ ስም ጥቂት ዓመታት ገፉበት። ሰዓት እላፊውም፣ ካሴቱም መጣ። እ.ኤ.አ. 1970ዎቹ ሳያልቁ የሸክላ ነገር አበቃ።

እንግዲህ አስቡት። ያ ሁሉ ዘፈን የተሠራው አሥር ዓመት በማይሞላ ጊዜ ነው።

ቀሪውን ታሪክ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ የማሕሙድ አህመድን ሸክላ ሰምቶ አዲስ አበባ ድረስ መጣ። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ደግሞ ፓሪስ ላይ «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም የዚያን ዘመን ሙዚቃ በተከታታይ ሲዲ አወጣው። ዓለም ሰማን። እኛም ራሳችንን እንደገና ሰማን። አዲስ አበባ ያደገ የእኔ ዘመን ልጅ ብዙውን ዘፈን መጀመሪያ የሰማው በአባቱ ሸክላ ሳይሆን ፓሪስ በታተመ ሲዲ ነው። ለሰውየው ምስጋናዬ ከልብ ነው። ግን አንጀቴን የሚበላኝ ነገርም አለ።

እኛ ቤት ሠላሳ የሚያህል ሸክላ ነበር። አባቴ ያጠራቀማቸው ናቸው። እኔ አምስተኛ ክፍል እያለሁ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ከአልጋ ሥር የነበረው ካርቶን የለም። በቦታው አዲስ አረንጓዴ ሳፋ ተቀምጧል። «ልዋጭ! ልዋጭ!» የሚለው ልጅ በሰፈራችን አልፎ ነበር። እናቴን አልፈርድባትም። ራዲዮግራሙ ከተበላሸ ዓመታት አልፈዋል፤ መርፌ የሚባል ነገር አይገኝም፤ ልብስ ማጠቢያ ደግሞ ያስፈልጋል። አባቴ ማታ መጥቶ አየ፣ ምንም አላለም። ሳፋው ግን ለረጅም ጊዜ አገለገለን። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚባለው እውነት ነው። ቢሆንም ያኔ እኛ እጅ ላይ ወርቅ መሆኑን ማን ሊነግረን ይችል ነበር?

አሁን ያ ካርቶን ውስጥ የነበሩትን አንድ በአንድ ልግዛ ብል የዓመት ደመወዜ ላይበቃ ይችላል። አንዳንዱ በመቶዎች፣ አንዳንዱም በሺዎች ዶላር ነው የሚሸጠው።

ግን ዋጋው አይደለም ነገሬ። እዚህ አገር ሸክላ የአንድ ሰው ብቻ ነው። ይገዛል፣ ይመዘገባል፣ መደርደሪያ ላይ ይወጣል፣ ማታ ማዳመጫ ጆሮ ላይ ተደርጎ ለብቻ ይሰማል። እኔም እንደዚያው ነኝ፤ ጎረቤቴ ከግድግዳው ወዲያ ስላለ ድምፅ አላሰማም። አገር ቤት ግን አንድ ሸክላ የሰፈር ነበር። አንዱ ገዝቶ መቶው ይሰማዋል። ስለዚህ ሸክላው የሌለው ሰው ሁሉ ዘፈኑ አለው። እዚህ ሸክላው ያለው ሰው ዘፈኑ የለውም። ያ ደግ ልጅ መለያ ቁጥሩን ያውቃል፤ ጨው ምን እንደሆነ አያውቅም። እኔም አማርኛ አፌን የፈታሁበት ሆኜ አላወቅሁትም።

የሚያስፈራኝም ይህ ነው። ሸክላዎቹ እዚህ በክብር ተቀምጠዋል፤ ገና መቶ ዓመት ይኖራሉ። እነሱን የሚያውቋቸው ሰዎች ግን እያለፉ ነው። አምሐ እ.ኤ.አ. በ2021፣ እማሆይ በ2023 አረፉ። የስንቱ ሳክስፎን ተጫዋች፣ የስንቱ ግጥም ጸሐፊ ስም ሸክላው ላይ አልተጻፈም? የሚያውቀው ሰው ዛሬ ኮልፌ ወይም ኮምቦልቻ ቤቱ ተቀምጧል፤ ስልኩን አንስቶ የሚጠይቀው የለም። ሸክላ ለመግዛት የምናወጣውን ገንዘብ ሩቡን ለስልክ ካርድ ብናውለው ስንት ነገር በተረፈ ነበር። የሚደወልላቸው ሰዎች እዚህም አሉ። «ጨ በለው»ን የመሰለ አልበም ከዋሊያስ ባንድ ጋር የሠራው ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ውስጥ ለዓመታት ታክሲ ነድቷል። ኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ ኪቦርዱን ከመኪናው አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ስንቶቻችን ተሳፍረን ወርደናል፤ አንድ ጥያቄ ሳንጠይቅ።

በጥር አገር ቤት ስሄድ ትንሿን ሸክላ በሁለት ካርቶን መሀል አድርጌ፣ በፎጣ ጠቅልዬ ይዣት ሄድኩ። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ማጫወቻም ያዝኩ፤ የአሜሪካው 120 ቮልት ስለሆነ አገር ቤት ሰክቼ እንዳላቃጥለው ፈርቼ ነው።

የአባቴ ታላቅ እህት አዲስ አበባ፣ ገርጂ ነው የሚኖሩት። ተወልደው ያደጉት ግን ደሴ፣ ሸዋ በር ነው። ሳሎናቸው ውስጥ የድሮ ራዲዮግራም አለ። ዳንቴል ለብሷል፤ በላዩ ቴሌቪዥን ተቀምጦበታል። የዚያን ዕለት መብራት አልነበረም። ቡና እየተፈላ ነው። ሸክላዋን አውጥቼ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ማኅተሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘነበሉት።

«ደሴ ይላል» አሉ። ከዚያ ሦስት ቡና ቤቶችን በስም ጠሩ። ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ሊወስኑ አልቻሉም። «እኛ መቼ ገባን ብለህ ነው ልጄ! ለሴት ልጅ ቡና ቤት መግባት ነውር ነበር። በአጥር ነው የሰማነው። ልብስ ስናሰጣ፣ ውሃ ስንቀዳ።»

የመጀመሪያውን ጎን ከፈትኩ። ትንሽ ሰሙና እጃቸውን አወዛወዙ። «ይሄን ተወው፣ ገልብጠው። ደሴ የሚወደደው በወዲያኛው በኩል ያለው ነው።»

ገለበጥኩት። እዚህ መዝገብ ላይ ሁለተኛ ጎን ተብሎ የተጻፈው፣ ደሴ ላይ ዋናው ነበር ማለት ነው። አክስቴ ከዘፋኙ ጋር አብረው ያንጎራጉራሉ። ጨው የሚለው ጋ ሲደርስ «የቱን ጨው ነው የሚለው?» አልኳቸው።

«የአሰቡን ነዋ።»

መርፌው ዘለለ። እሳቸው እጃቸውን አነሱ።

«ቆይ፣ ቆይ፣ አቁመው። አንድ ቤት ዘለለ።»

አቆምኩት። ስኒውን አስቀመጡና የጎደለውን ስንኝ፣ በዜማው፣ ቀስ ብለው አሉት። አሰብ ወርዶ በተሳቢ ጨው የሚጭን ሾፌር አለ ስንኙ ውስጥ። ሴትዮዋ ከእሱ ጋር ነው የሄደችው። ዘፋኙ ኮምቦልቻ መንገድ ዳር ቆሞ፣ ጨው የጫነ መኪና ባለፈ ቁጥር ጋቢናው ውስጥ ማን እንዳለ ያያል። ኑሮው ጣዕም ማጣቱም አለበት፣ ጭነቱም አለበት። ሰሙን ብቻ ነበር ለዚያ ልጅ የነገርኩት።

«ሾፌሮቹ ናቸው እሱን ሸክላ የጨረሱት» አሉ አክስቴ። «ከአሰብ ሲመለሱ ሌሊት ያስከፍቱታል። ከዚያ እኛም እንነቃለን።»

ስልኬን አውጥቼ መቅጃውን ከፈትኩና እንደገና እንዲሉልኝ ለመንኳቸው። ሁለተኛውን ስኒ ቀዱልኝ።

«ከመጀመሪያው አድርገው» አሉ። «እዚያ ጋ ሲደርስ እኔ እለዋለሁ።»