ምስጋና ለቁርስ ኦዲተሮች

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ስብሰባ ነበረን። ሰው እስኪሰበሰብ ጠረጴዛው ላይ አንድ ትልቅ ትሪ ተቀመጠ። ክሮሳንት፣ ማፊን፣ ዶናት፣ ቤግል፣ ጥግ ላይ ደግሞ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ቶስት። እጄን ወደ ክሮሳንቱ ሰደድኩ። ገና አፌ ሳይደርስ ከጎኔ ያ የምታውቁት ድምፅ መጣ።

«ውስጡ ስንት ቅቤ እንዳለ ግን ታውቃለህ?»

አውቃለሁ እንጂ። ያነሳሁትም ቅቤ ስላለው ነው። ቅቤ ባይኖረው ዳቦ ነበር፤ ዳቦ ደግሞ ቤቴም አለ። ይህን ግን አላልኩም። «እህ፣ እውነት?» አልኩ። ክሮሳንቱ አፌ ውስጥ ገብቶ ሶፍት ሆነ።

ስለዚህ ዛሬ ላመሰግን ተነሥቻለሁ። ምስጋናው ለቁርስ ኦዲተሮች ነው። እናንተም ጋ አንድ አይጠፋም። ቢሮ ከሌለ ቤት አለ። ሰው ሊጎርስ ሲል ጠብቆ ቁጥር ይጠራል። ማንም ሳይሾመው የሰው ሳህን ይመረምራል። ደመወዝ አይጠይቅም፣ እረፍት አይወጣም፣ በዓል አያውቅም። እነሱ ባይኖሩ ምን ይውጠን ነበር? ቁርሳችንን በልተን ዝም ብለን ወደ ሥራችን እንገባ ነበር። ሲያስቡት ያስፈራል።

እውነቱን ለመናገር የእኔው ኦዲተር አልዋሸም። 57 ግራም ገደማ የሚመዝን መካከለኛ ክሮሳንት ወደ 230 ካሎሪ አለው። ቅባቱ 12 ግራም ያህል ነው፤ ከዚያ ውስጥ ከግማሽ በላዩ ሐኪሞች ቀንሱ የሚሉት፣ ሲቀዘቅዝ የሚረጋው ዓይነት ነው። አሠራሩም አያስዋሽም። ሊጡ ቅቤውን አቅፎ ይዳመጣል፣ ሦስት ቦታ ይታጠፋል፣ እንደገና ይዳመጣል። ይህ ሦስት ጊዜ ሲደገም ቅቤው 27 ድርብ ይሆናል። ሰውዬው ይህን አለማወቁ በጀኝ። ቢያውቅ ኖሮ አንድ በአንድ ይቆጥርልኝ ነበር።

ነገር ግን ይህን ሁሉ ሲመክረኝ እሱ በእጁ ምን ይዞ ነበር መሰላችሁ? ማፊን። የሁለት ክሮሳንት ክብደት ያለው፣ ከወረቀቱ ፈንድቶ የወጣ፣ ቆብ የደፋ ማፊን።

«ይኼ እኮ ፉርሽካ አለበት» አለኝ።

አለበት። ባሕር ውስጥም ወርቅ አለ።

እንዲህ ያለ ትልቅ ማፊን ከ400 ካሎሪ በላይ ነው፤ 500 የሚደርስም አለ። ስኳሩ 30 ግራምን ሲያልፍ ብርቅ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው የተጨመረ ስኳር ከ50 ግራም ባይበልጥ፣ ቢቻል ደግሞ ከ25 ባያልፍ ይላል። የማፊኑ ባለቤት ትንሹን የቀን ኮታ ገና ጠዋት ላይ ጨርሷል። ግን ፉርሽካ አለበት! ኬክ ላይ ክሬም ካልተቀባ፣ ውስጡ ካሮት ወይም ፉርሽካ ከተነሰነሰ፣ ከምሳ በፊትም ከተበላ፣ ኬክነቱ ይቀርና ጤና ይሆናል። የሚያስፈልገው ወረቀት መልበስ ብቻ ነው።

አሁን ወደምወደው ሰው ልምጣ። የግማሽ ማፊኑ ሰውዬ።

ይህ ሰው በሕይወቱ ሙሉ ማፊን በልቶ አያውቅም። ጠይቁት። ሁልጊዜ ግማሽ ነው። ሦስት ሰዓት ላይ ቢላዋ ያነሣል፣ ማፊኑን እንደ ውርስ መሬት መሀል ለመሀል ይከፍላል፣ አንዱን ይበላል። «እኔ ግማሽ ነው የምበላው» ይላል። ማንም አልጠየቀውም። ማፊኑ 480 ካሎሪ ነው እንበል። 240 በላ፣ 240 ሳህኑ ላይ ቀረ። ሳህኑስ የት ነው ያለው? እጁ የሚደርስበት ቦታ።

ሦስት ሰዓት ከሩብ ሲሆን ያ ግማሽ ብቻውን ተቀምጦ ያሳዝናል። ሰውዬው ደግሞ ሆደ ባሻ ነው። ቢላዋውን ያነሣል። ሁሉንም ግን አይበላም፤ ሆዳም አይደለማ! ግማሹን ብቻ። 120። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ በስልክ እያወራ እንደገና ግማሽ። 60። ለአራት ሩብ ጉዳይ ሲሆን 30። አራት ሰዓት ላይ 15። በዚህ ሰዓት ቢላዋው ከማፊኑ ይገዝፋል። እሱ ግን አሁንም ይከፍላል። የቀረችው ማፊን የአውራ ጣት ጥፍር ታህላለች፣ እጁ ቅንጣት አይንቀጠቀጥም፣ ትንፋሹን ይይዛል፣ ጠጋ ብሎ መሀሏን ይፈልጋል፣ ያገኘዋል። ሰባት ተኩል ካሎሪ። ሌላኛውን ሰባት ተኩል በክብር ይተወዋል። ራሱን የሚገዛ ሰው ማለት እንዲህ ነው።

ከዚያ ፍርፋሪው ይቀራል። ፍርፋሪ በቢላዋ አይከፈልም፤ ስለዚህ በጣት ጫፍ እየተጫኑ መልቀም ነው። ፍርፋሪ ካሎሪ እንደሌለው ደግሞ ሕፃንም ያውቃል። ቀጥሎ ወረቀቱ አለ። ወረቀቱ ላይ ተጣብቃ የቀረች ቡናማ ቅርፊት አለች አይደል? በታችኛው ጥርስ ትፋቃለች። እሷም አትቆጠርም፤ የወረቀቱ ናት እንጂ የማፊኑ አይደለችም። በመጨረሻ ወረቀቱ በአራት ታጥፎ ይቀመጣል። ወረቀቱ ባይሆን እሱም በግማሽ ይሄድ ነበር።

አምስት ሰዓት ላይ ሳህኑ ባዶ ነው። «ማፊኑን ጨረስከው እንዴ?» በሉት። ከልቡ ይደነግጣል። «እኔ? ግማሽ እኮ ነው የበላሁት!» አልዋሸም። ግማሽ ነው የበላው። ስድስት ጊዜ።

ይህ ጥበብ ደግሞ ከዚህ ሰው ጋር የተጀመረ አይደለም፤ ሕጋዊ የዘር ሐረግ አለው። አሜሪካ ውስጥ ማፊን «አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ይበላዋል» ተብሎ ለመለያ ጽሑፍ የሚሰላበት መጠን ለዓመታት 55 ግራም ነበር። የሚሸጠው ማፊን ግን ብዙ ጊዜ የዚህን እጥፍ ይመዝን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ደንብ መጠኑን ወደ 110 ግራም ከፍ አደረገው። በዚያ ቀን አንድም ማፊን አልወፈረም። የታረመው ወረቀቱ ነው። ከዚያ በፊት ግን ስንቱ ሰው የግማሹን ቁጥር አንብቦ ሙሉውን በልቶ ይሆን? ግማሽ ማፊን በልቶ ግማሹን ለነገ አስቀምጦ የሚያድር ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም።

ከዚህ ቀጥሎ «ቶስት ብቻ» የሚሉት አሉ። ልብ በሉልኝ፤ «ብቻ»። አንድ ቁራጭ ዳቦ ወደ 75 ካሎሪ ነው። እውነትም ትንሽ ነው። ግን ደረቅ ቶስት የሚበላ ሰው ወይ ታሟል ወይ ተቀጥቷል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ 100፣ አንድ ማንኪያ ማርማላታ 50 ይጨምራል። ሁለት ቁራጭ እንዲህ ሲቀባ 450 ገባ። የእኔን ክሮሳንት ሁለት እጥፍ ሊሞላ የቀረው ጥቂት ነው። በቶስተኛው መዝገብ ላይ ግን የሚጻፈው ዳቦው ነው። ቅቤው እንግዳ ነው፤ ማርማላታው እንግዳውን ሊሸኝ የመጣ።

ከእነዚህ መካከል «መጠበሱ ካሎሪውን ያቃጥለዋል» የሚል ሊቅም አለ። ለእሱ ያለኝ አክብሮት ልዩ ነው። ዳቦ ሲጠበስ የሚሄደው ውሃው ነው። ያ ቁራጭ ከመጠበሱ በፊት የነበረው ካሎሪ ከሞላ ጎደል እዚያው አለ። እንዲያውም ውሃው ወጥቶ ስለቀለለ በ100 ግራም ሲሰላ ከ260ዎቹ ተነሥቶ ወደ 290 ይጠጋል። በስልኩ ሁሉን በ100 ግራም የሚያወዳድረው ኦዲተር ይህን ያየ ቀን የቶስት መጥበሻውን በመስኮት ይወረውረዋል።

ቤግልን በአጭሩ። ቀዳዳ ስላለው ቀላል ይመስላል። ቀዳዳው ካሎሪ እንደሌለው እስማማለሁ። በቀዳዳው ዙሪያ ያለው ግን 100 ግራም ገደማ ጥቅጥቅ ያለ ዳቦ ነው። ሦስት ቁራጭ ተኩል መሆኑ ነው። ከ250 ካሎሪ ያላነሰ። የተወገዘው፣ ስሙ ሲጠራ የሚማተቡበት ባለ ስኳር ዶናትም ከዚያ ብዙ አይርቅም። በካሎሪ ብቻ ከሄድን እነዚህ ሁለት ቀለበቶች መንታ ናቸው። በእርግጥ ቤግሉ 10 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፣ ቅባቱም እዚህ ግባ አይባልም፣ ዶናቱ ደግሞ በዘይት የተጠበሰ ነው። ይህ ልዩነት ቁም ነገር ነው። ግን ኦዲተር ሁለት ዓምድ ማንበብ አይወድም። አንድ ቁጥር ይበቃዋል። አንድ ቁጥር ነው ሰው ለማሳፈር የሚመቸው።

የቀለም ሊቃውንቱን ሳላነሣ ብቀር ቅር ይላቸዋል። ለእነሱ ነጭ ዳቦ ኃጢአት ነው፣ ጥቁር ዳቦ ጽድቅ። ጥቁሩ ምን እንዳጠቆረው አይጠይቁም።

እዚህ ላይ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ለትንሽ ጊዜ አላሾፍም። አክስቴ ስኳር አለባት። አንዱ እንዲህ ያለ የጠረጴዛ ሊቅ፣ ሐኪም ያልሆነ፣ ማንም ያልጠየቀው፣ «ጥቁር ዳቦ ለስኳር መድኃኒት ነው፣ እንደልብዎ ይብሉ» አላት። አመነችው። ስንት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት አራት አራት ቁራጭ በላች። ከቁርስ በኋላ ስትለካ ቁጥሩ ይሰቀላል። መለኪያው ተበላሽቷል ብላ አዲስ አስገዛች። አዲሱም ያንኑ አለ። አንድ ቀን የዳቦውን ማሸጊያ አገላብጬ አነበብኩ። መጀመሪያ የተጻፈው ነጭ ዱቄት ነው፤ መጀመሪያ የሚጻፈው ደግሞ በክብደት የሚበልጠው ነው። ወረድ ብሎ ሞላሰስ። ያጠቆረው እሱ ነበር። ነጭ ዳቦ ቀለም ተቀብቶ! ደግሞ እውነተኛ የሙሉ ስንዴ ዳቦ ቢሆንም ዱቄቱ ከላመ ስኳርን ወደ ደም በማስገባት ፍጥነቱ ከነጩ እምብዛም አይለይም። እ.ኤ.አ. በ1981 ተመራማሪው ዴቪድ ጄንኪንስና ባልደረቦቹ ባስተዋወቁት፣ ምግብ የደም ስኳርን ምን ያህል እንደሚያወጣ በሚያሳየው መለኪያ ሁለቱም 75 አካባቢ ናቸው። ፋይበሩና ማዕድኑ ይበልጣል፣ ይጠቅማል፣ ማንም አልካደም። ግን «እንደልብዎ» የሚባል ነገር የለም። ያ ሰው ተናግሮ ቡናውን ጠጥቶ ሄደ። በየጠዋቱ ጣቷን በመርፌ የምትወጋው እሷ ናት። ወሬ ነው ለእሱ። ለእሷ ዓይኗ ነው፣ እግሯ ነው፣ ኩላሊቷ ነው። በዚህ አይቀለድም፣ ደፋር!

እሺ። ተረጋጋሁ። ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

በመጨረሻ ስልከኛውን ላመስግን። ማሸጊያው ላይ ያለውን ባርኮድ በስልኩ ካሜራ አንሥቶ ካሎሪውን ሳያይ አይበላም። ቅዳሴ እንደሚጠብቅ ሰው ነው የሚጠብቀው። ማሸጊያ የሌለው ዳቦ ሲቀርብለት ግራ ይገባዋል፤ አዙሮ ታቹን ያያል። አንድ ጊዜ ከጎኑ ተቀምጬ ነበር። ስልኩ «ክብደቱን አስገባ» አለው። ሚዛን የለውም። ዳቦውን በመዳፉ ከፍ ዝቅ አደረገው፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ «ስልሳ ግራም» አለ። ከዚያ 163 ካሎሪ ብሎ መዘገበ። 160 አይደለም። 163። ያቺ ሦስት ከየት እንደመጣች እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ስብሰባው ሁለት ሰዓት ፈጀ። ክሮሳንቴን ጨረስኩ፤ ቀዝቅዞ፣ 27ቱንም ድርብ። ኦዲተሬ በመሀል አንድ ጊዜ ቃል ሳይተነፍስ ሳህኔን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ሰው ሁሉ ሲወጣ ዞር ብዬ ትሪውን አየሁት። ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረው። መሀሉ ላይ አንዲት ነገር አለች። ማፊን ነበረች መሰለኝ። የአውራ ጣት ጥፍር ታህላለች፣ አንድ ጎኗ ቀጥ ብሎ ተቆርጧል። ቢላዋው አጠገቧ ተኝቷል።