ሐዘን በሁለት ደቂቃ

ምስጋና ለአሜሪካ የሬዚደንሲ (የሐኪሞች የስፔሻሊቲ ሥልጠና) መግቢያ ቃለ መጠይቅ ይሁንና፣ ሐዘንም በመጨረሻ ሥርዓት ያዘ። እኛ ሰልስቱን ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን፣ አርባውን አውጥተን፣ ሙት ዓመቱን ዘክረን እንኳ አይወጣልንም ነበር። ያ ሁሉ ንፍሮ በከንቱ! የዛሬው ሐኪማችን «ታካሚ ሞቶብህ ያውቃል? እንዴት ተቋቋምከው?» ሲባል፣ ከላይ ሱፍና ክራቫት፣ ከታች ቱታ እንደለበሰ፣ በዙም ፊት በሁለት ደቂቃ አዝኖ፣ ተጽናንቶ፣ ትምህርት ቀስሞ ይጨርሳል።

በተለይ የሟች አመራረጡ ያስደንቃል። ኢንተርን (ተለማማጅ ሐኪም) ሆኖ ዱቲ (ተረኝነት) የገባ ሰው መቼም ሟች አይቸግረውም፤ ጭንቁ የትኛው ለወግ ይበቃል ነው። ኦክስጅን ሲፈለግለት ያለፈው አይሆንም፤ ሆስፒታል ማማት ይመስላል። በቃሬዛ መጥታ ደም ሳይገኝላት ያለፈችውም አትሆንም፤ ድምፅ ታቆራርጣለች፣ ኔትዎርኩ እንደሆነ ራሱ ይበቃናል። በሐኪሙ ስህተት የሞተማ ስሙም አይነሳ!

የሚመረጡት አንድ ሽማግሌ ናቸው። ዕድሜ የጠገቡ፣ ካንሰራቸው የታወቀ፣ ልጆቻቸው አልጋቸውን የከበቡላቸው፣ ሊያርፉ ሲሉ የሐኪሙን እጅ ይዘው የሚመርቁ። ለልምምድ ጠያቂ ሆኜ የሰማኋቸው ልጆች ሁሉ እኚህኑ ሰው አክመዋል። ጎንደርም ጅማም ይሞታሉ። ከጥቅምት እስከ ጥር ደግሞ ፋታ የላቸውም፤ ነፍስ ይማር።

አተራረኩ በስታር ቀመር ነው፦ ሁኔታ፣ ተግባር፣ ርምጃ፣ ውጤት። «ውጤት» በሚለው ላይ ግን «ሞቱ» ተብሎ አይነገርም፤ «የተሻለ ሐኪም ሆንኩ» ነው የሚባለው። ለቤተሰቡ እንዴት እንደተነገረ ከተጠየቀም ስፓይክስ አለች፤ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመች፣ ስድስት ደረጃ ያላት የመርዶ አነጋገር ዘዴ። መጀመሪያ ቦታውን አመቻች፣ ሰው ይኑር፣ ተቀመጥ ትላለች። ልጁ ያደገበት ሰፈር ሽማግሌዎች ዘመድ ጎረቤት አስከትለው፣ ገና ሳይነጋ በር አንኳኩተው ሲያረዱ አይቷል። ግን ምህጻረ ቃል ያልወጣለት ዕውቀት ጠያቂ ፊት አይቀርብም፤ ደግ አደረገ።

ከዚያ ሐዘኑን በምን እንደተወጣው ሲጠየቅ «እሮጣለሁ» ይላል። ኢትዮጵያዊ እሮጣለሁ ሲል ማን ምስክር ይጠራል? ጠያቂው ራሱ «ኃይሌ!» ብሎ ፈገግ ይላል። ልጁ ከዎርድ እስከ ላቦራቶሪ የደም ናሙና ይዞ ካልሆነ ሮጦ አያውቅም።

አንዱ ብቻ አስቸግሮን ነበር። ጥያቄውን ስንወረውርለት ዝም አለና፣ «መሞቱን አረጋግጬ ፈረምኩ። አጠገቡ ያለው በሽተኛ ግሉኮሱ አልቆ ነበር፣ ወደ እሱ ሄድኩ። ስለ ልጁ እስከዛሬ አላወራሁም» አለ። ልጁ? ስንት ዓመቱ ነው ልጁ? ትምህርቱስ የታለ? ሩጫውስ? ሌሎቹ ተደናግጠው ካሜራቸውን አጠፉ። ያን ቀን ቁጭ አድርገን መከርነው፤ ሽማግሌውንም አዋስነው። ኅዳር ላይ በእሱም እጅ አረፉ። ምርቃታቸው ደረሰ መሰለኝ፣ መጋቢት ላይ የሬዚደንሲ ቦታ አግኝቶ ማች አደረገ።