ስለ አሸንዳ አበባ፦ ማስተካከያ

ባለፈው ሳምንት ስለ አሸንዳ አተካከል ስጽፍ «ሥሩን አንድ ስንዝር ያህል ቅበሩት» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፤ ይቅርታ።

ወፍራሙ ሥር ወደ ታች ይግባ። ቅጠሎቹ የሚወጡበት አንገት ግን ከአፈሩ እኩል መሆን አለበት። አፈር ተጭኖት የደሴ ክረምት ከመጣበት ይበሰብሳል። እኔ ጋ የሆነው ይኸው ነው። እሁድ ዕለት አንዷን ነቅዬ አየሁ። አንገቷ ቡናማ ሆኗል፤ እሳት ላይ እንደተረሳ ድንች ጣት ሲነካው ይሰምጣል። ሽታውን ተዉት! የተከላችሁ ሰዎች አፈሩን ዙሪያውን በእጅ ገፋ አድርጉለት፤ መንቀል አያስፈልግም።

ሌላው «ለደሴም ለኮምቦልቻም ይስማማል» ያልኩት ነው። አሸንዳ የደጋ ተክል ነው፤ በተፈጥሮው ከ2,000 ሜትር በላይ ይበቅላል። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ችግር የለም። ኮምቦልቻ ግን 1,850 ገደማ ናት። 25 ኪሎ ሜትር የማይሞላ ቁልቁለት ነው፣ ግን ጃኬት የሚያስወልቅ! እዚያ የምትሞክሩ ከሰዓት በኋላ ጥላ የሚያገኝ ቦታ ፈልጉለት። በበጋም ውሃ አትንፈጉት። ዋስትና ግን አልሰጥም።

ካበበ በኋላ የደረቀውን የአበባ ዘንግ ቁረጡ ያልኩት ልክ ነው። ቅጠሉን ግን አትንኩ።

«ከዱር አምጥተን እንትከል ወይ?» ላላችሁኝ፦ አይሆንም። ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር የማይገኝ ተክል ነው። ያለው ጎረቤት ካላችሁ ክረምት ሲገባ ከጎን የወጣችውን ቡቃያ ከነሥሯ ይክፈላችሁ። ከዘር ከሆነ ለማበብ ሁለት ሦስት ዓመት ያስጠብቃል።