ማስፋፊያ ይሉታል፤ ቧንቧው ግን ያው ነው

ኧረ እንዲያው ለጡረተኛ የሚያስብ ይጥፋ? ከባሕር ዳር እስከ ደብረ ማርቆስ ከተማው ሲሰፋ ቀድሞ የሚቆመው ብሎኩ፣ ማለትም የመኖሪያ ፎቁ ነው፤ ውኃና ፍሳሹ «በኋላ ይደርሳል» ይባላል።

አራተኛ ፎቅ ከመሬት 12 ሜትር ገደማ ነው። ውኃ 10 ሜትር ለመውጣት 1 ባር ግፊት ይፈልጋል። በነባሩ መስመር ላይ አዳዲስ ብሎኮች ተቀጥለው የሚያልፈው ውኃ እጥፍ ሲሆን፣ በሰበቃ የሚባክነው ግፊት አራት እጥፍ ያህል ይሆናል። ታች ያለው ሲቀዳ የላይኛው ቧንቧ አየር ብቻ ያፏጫል፤ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ሊፍት የለ! ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው፤ ጉልበታቸው የደከመ እናት በምን አቅማቸው ያውጡት?

የፍሳሹ ነገርማ አይነሳ። ሴፕቲክ ታንኩ (ፍሳሹ መጀመሪያ ገብቶ ዝቃጩ የሚረጋበት ጉድጓድ) የተለካው ለነባሩ ነዋሪ ነው። ሰው ሲጨመር ዝቃጩ ሳይረጋ ወደ ማስረጊያው ጉድጓድ ያልፍና ይደፍነዋል። ዋልካ አፈር ደግሞ ድሮም ውኃ አያሰርግም፤ ክረምት ሲገባ ጠጥቶ ያብጣል፣ ፍሳሹም በማንሆሉ አፍ ገንፍሎ ደጃፍ ላይ ይተኛል። በቦቴ ቢመጠጥም ብዙ ሳይቆይ ያው ነው።

ገንቢዎቹ መላው የጠፋባቸው እንዳይመስላችሁ። ብሎክ ከመጨመሩ በፊት ወፍራም መስመር መዘርጋት፣ ታች ታንከር አስቀምጦ በፓምፕ ወደ ጣሪያ መግፋት (ፓምፑን በቀጥታ መስመሩ ላይ የሰካ እንደሆነ የጎረቤቱን ውኃ ነው የሚመጠው)፣ ግራውንዱን ለአረጋውያን መተው። ግራውንዱ ግን ለሱቅ ተከራይቷል! በጡረታ ደሞዝ «ፓምፕ ግዙ» ይሏቸዋል ደግሞ።