የቁስል ዘፈን ለመለቀቅ አይቸኩልም

ክራር የማለማምዳቸው ልጆች ደጋግመው አንድ ነገር ይጠይቁኛል። "በልጅነቴ የደረሰብኝን ዘፈን ባደርገው ይቀለኛል?" አዎ፣ ይቀላል። ሥሩት። ብቻ ዩቲዩብ ላይ ለመጫን አትቸኩሉ።

ከራሴ ልጀምር። በ1998 ዓ.ም.፣ ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት ድሬዳዋ ላይ ደቻቱ ሲሞላ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ድሬን የማያውቅ ሰው ደቻቱ ሲባል ሁሌ ውሃ ያለበት ወንዝ ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገረዋል፣ ይነግድበታል፣ እኛ ኳስ እንራገጥበት ነበር። የዚያን ሌሊት ከላይ ከደጋው የወረደው ጎርፍ በእንቅልፍ ላይ ያለ ሰፈር ላይ መጣ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። አንዱ ብይ አብሮኝ የሚጫወት ልጅ ነበር። እኔን እናቴ አዝላኝ ሮጠች።

ከዚያ በኋላ ስለዚያ ሌሊት ማንም አላወራኝም። "ተርፈሃል፣ ተመስገን በል" አሉኝ። በክፋት አይደለም፣ እነሱም ሐዘን ላይ ነበሩ። እኔ ግን ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር ጫማዬን አድርጌ ነበር የምተኛው፣ እስከ 18 ዓመቴ።

ክራር ስጀምር መጀመሪያ የሞከርኩት ትዝታን ነው። ሐዘን ሲባል ማን ሌላ ቅኝት ያስባል? አልሆነም አቦ! ትዝታ ላይ የሄደ ፍቅረኛ ይመጣል፣ የሚናፈቅ ነገር ይመጣል፤ እኔ ደግሞ ያን ሌሊት አልናፍቀውም። ክሮቹን አላልቼ አጥብቄ ወደ አንቺሆዬ ቀየርኩት። አንቺሆዬን ሰርግ ላይ ስንሰማው ደስ ይላል፤ ቀስ ተብሎ ሲመታ ግን ድምፆቹ ተጠጋግተው ይፋተጋሉ፣ አረፍኩ ስትል አያሳርፍህም። "ይሄ ነው" አልኩ። ጫማ አድርጎ የመተኛት ስሜት እዚያ ውስጥ ነበር።

ዘፈኑን ስሠራው የገባኝ ነገር አለ። ያኔ ውሃው መቼ እንደሚመጣ፣ ማንን እንደሚወስድ እኔ አልወሰንኩም። ዜማው ላይ ግን ውሃው የት እንደሚገባና የት ዝም እንደሚል የምወስነው እኔ ነኝ፤ ካቃተኝ ክራሩን አስቀምጬ ወጥቼ ሻይ እጠጣለሁ፣ ስመለስ ካቆምኩበት ይጠብቀኛል።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጄምስ ፔነቤከር ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1986 ያሳተመው ጥናት አለ። ተማሪዎች ስለደረሰባቸው ከባድ ነገር በቀን 15 ደቂቃ፣ ለአራት ቀን እንዲጽፉ አደረገ። እንደጻፉ ስሜታቸው ባሰ። በቀጣዮቹ ወራት ግን የሆነውንም የተሰማቸውንም አንድ ላይ የጻፉት ሐኪም ጋ የሄዱበት ጊዜ ከሌሎቹ ያነሰ ነበር። ጥናቱ ስለ ጽሑፍ ነው፣ ስለ ዘፈን አይደለም። እኔ ግን ያንን የመጀመሪያውን መባስ በደንብ አውቀዋለሁ፣ ሦስት ሌሊት አላስተኛኝም።

ልጆቹ ዘፈናቸውን የሚጭኑት ደግሞ በትክክል በዚያ ሰዓት ነው። ቁስሉ ገና እንደተከፈተ! ከዚያ አንዱ የማያውቃቸው ሰው "ውሸት ነው" ብሎ ይጽፍላቸዋል፣ ወይም ማንም አያየውም፣ እሱም ያማል። በዚያ ላይ ድሬ ሁሉም የሚተዋወቅበት ከተማ ነው። የሚገርፍህን አባት ዘፍነህ ስትለቅ ማን እንደሆነ ሰፈሩ ያውቃል፣ አንተ ደግሞ ማታ እዚያው ቤት ነው የምትገባው። አሁንም የሚመታህ ሰው ካለ ከዘፈኑ በፊት ለምታምነው ትልቅ ሰው ተናገር። ሌሊቱ እየባሰ ከሄደም ባለሙያ ጋ መሄድ ነው፤ ክራር ያንን አይተካም።

የእኔን እስካሁን አልለቀቅኩትም። የሰማችው እናቴ ብቻ ናት። ባለፈው ክረምት ቡና እያፈላች አጫወትኳት፣ እስኪያልቅ ቀና አላለችም። ከዚያ "ውሾቹ ቀድመው ጮኸው ነበር እኮ" አለችኝ። ስለዚያ ሌሊት ከአፏ የሰማሁት የመጀመሪያው ቃል ነው። ቡናው ቀዝቅዞ እንደገና እስኪሞቅ አወራን፣ የዚያን ልጅ ስምም ጠራችው።